ሕዋስን የሚያዝ ፕላስቲክ፦ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመሮች ከሕያው ሕዋስ ጋር እንዴት ይነጋገራሉ?

የኤሌክትሪክ ገመድ ሲላጥ ከውስጥ መዳብ፣ ከላይ ፕላስቲክ ይታያል። መዳቡ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ እጃችን እንዳይያዝ ይጠብቀናል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚለውን እውቀት አብዛኞቻችን ከትምህርት ቤት በፊት ከቤታችን የተማርነው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። እሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በላዩ ላይ የተቀመጠውን ሕያው ሕዋስም እንዲዘረጋ ወይም እንዲሰበሰብ፣ እንዲያድግ ወይም እድገቱን እንዲገታ ሊያደርገው ይችላል።

ጽሑፉ የተዘጋጀው የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የኢንጂነሪንግና የሕክምና ተማሪዎችን በማሰብ ነው፤ ሌላ ሙያ ያላችሁ አንባቢያንም ያለ ችግር እንድትከታተሉት ከመሠረቱ እንጀምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ፦ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ

ሰውነታችን በኤሌክትሪክ ይሠራል። አንድ የነርቭ ሕዋስ በእረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጭው ይልቅ በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጋቲቭ ነው። መልእክት ሲያስተላልፍ ይህ ልዩነት ለአፍታ ይገለበጣል። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ዓይን ያየውን ለአንጎል የሚያደርሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ በሰውነት ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ካለው ይለያል። በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚጓዘው ኤሌክትሮን ነው። በሰውነት ውስጥ የሚጓዙት ግን አዮኖች ናቸው፦ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ክሎራይድ። እነዚህ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ፣ ቻርጅ የተሸከሙ አተሞች ናቸው። አዮን በመዳብ ውስጥ አያልፍም፤ ኤሌክትሮንም ለብቻው በደም ውስጥ አይዋኝም። ስለዚህ ከብረት የተሠራ ኤሌክትሮድ ነርቭን ሲነካ ሁለት ቋንቋ ለየብቻ የሚናገሩ ሰዎች ተገናኙ ማለት ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው ችግር ጥንካሬ ነው። አንጎል እጅግ ለስላሳ ነው፤ ኤሌክትሮድ የሚሠራባቸው ብረትና ሲሊከን ከእሱ በሚሊዮኖች እጥፍ ይጠነክራሉ። ሰው ሲተነፍስና ሲራመድ አንጎሉም በትንሹ ይንቀሳቀሳል፤ ጠንካራው ነገር ግን አብሮ አይንቀሳቀስም። ሰውነትም እንደ ባዕድ ቆጥሮ በጠባሳ ይከበዋል፤ ጠባሳው እየወፈረ ሲሄድ የኤሌክትሮዱ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። እንግዲህ የሚፈለገው ኤሌክትሮንንም አዮንንም የሚያስተናግድ፣ ከብረት ይልቅ ለሥጋ የሚቀርብ ቁስ ነው።

ፕላስቲክ እንዴት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል?

ፖሊመር ማለት እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር የተሰካኩ ትናንሽ ሞለኪውሎች ረጅም ሰንሰለት ነው። በተራ ፕላስቲክ ሰንሰለት ውስጥ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በያለበት ታስሯል፤ መንቀሳቀሻ የለውም። በአስተላላፊዎቹ ፖሊመሮች ውስጥ ግን የካርቦን ትስስሮቹ ነጠላ፣ ድርብ፣ ነጠላ፣ ድርብ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ይህ መፈራረቅ የተወሰኑትን ኤሌክትሮኖች የአንድ አተም ብቻ ሳይሆኑ የሰንሰለቱ የጋራ ንብረት ያደርጋቸዋል።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። በሠርግ ድንኳን ውስጥ በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ እንግዶችን አስቡ። ወንበሩ ሞልቶ ሳለ ማንም ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ መጠጋት አይችልም። ከዳር አንድ ሰው ሲነሣ ጎረቤቱ ይጠጋል፤ ቀጥሎ ያለውም ይጠጋል፤ በዚህ ሁኔታ ክፍት ቦታው ከወንበሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይጓዛል። በፖሊመሩም ውስጥ እንዲሁ ነው። ጥቂት ኤሌክትሮኖች ከሰንሰለቱ ሲነጠቁ፣ ማለትም ኦክሲዴሽን ሲካሄድ፣ የቀሩት መንቀሳቀስ ይችላሉ። ይህ አሠራር ዶፒንግ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ጃፓናዊው ሂዴኪ ሺራካዋ፣ ከኒውዚላንድ የመጣው አለን ማክዳያርሚድና አሜሪካዊው አለን ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር ለአዮዲን ትነት አጋልጠው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ አሥር ሚሊዮን እጥፍ ያህል እንደጨመረ አሳዩ። በ2000 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ሦስቱ ተካፈሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 አውስትራሊያ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች ፖሊፒሮል የተባለ ሌላ ፖሊመር ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ጽፈው ነበር፤ ያኔ ግን ብዙ ጆሮ አላገኘም። ፖሊአሴቲሊን በአየር ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ ከሕያው ሕዋስ ጋር ለመሥራት አልተመቸም። ለዚያ ሥራ የተመረጠው ያ ጆሮ ያጣው ፖሊፒሮል ነው፤ በውሃ ውስጥ ይሠራል፣ በአየርም ይቆያል።

ከኤሌክትሮን ወደ አዮን፦ አስተርጓሚው

ፖሊፒሮል የሚሠራው ፒሮል የተባለውን አምስት ጎን ያለው የቀለበት ሞለኪውል በውሃ ውስጥ አሟሙቶ በኤሌክትሮድ ላይ ኦክሲዳይዝ በማድረግ ነው። ፒሮሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ በኤሌክትሮዱ ላይ ጥቁር ስስ ሽፋን ይሠራሉ። በሽፋኑ ውስጥ በየሦስት ወይም በየአራት ቀለበቱ አንድ ፖዚቲቭ ቻርጅ አለ። ተፈጥሮ ሚዛን ትፈልጋለችና ይህን ፖዚቲቭ ቻርጅ የሚያጣፋ ኔጋቲቭ አዮን ከውሃው ገብቶ በሰንሰለቶቹ መካከል ይቀመጣል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። በሽቦ በኩል ኤሌክትሮን ወደ ሽፋኑ ብንመልስ ፖዚቲቭ ቻርጁ ይጠፋል፤ ይህ ሪዳክሽን ነው። ያን ጊዜ ኔጋቲቩ አዮን ሥራ ስለማይኖረው ወደ ውሃው ይወጣል። አዮኑ ትልቅ ሆኖ መውጣት ካልቻለ ደግሞ በተቃራኒው እንደ ሶዲየም ያለ ትንሽ ፖዚቲቭ አዮን ከውጭ ገብቶ ሚዛኑን ይጠብቃል። በሁለቱም መንገድ በሽቦው በኩል የመጣው የኤሌክትሮን መልእክት በውሃው በኩል የአዮን እንቅስቃሴ ሆኖ ይወጣል። ስንፈልገው የነበረው አስተርጓሚ ይኸው ነው። ቮልቴጁን ስንገለብጥ ሂደቱም ይገለበጣል።

ከአዮኑ ጋር አብረው የሚለወጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ፦ የሽፋኑ ገጽ ቻርጅ፣ ውሃ የመቀበል ባሕርዩ፣ አንዳንዴም ውፍረቱ። በሽፋኑ ላይ ለተቀመጠ ሕዋስ ይህ ማለት የቆመበት መሬት ባሕርዩን ለወጠ ማለት ነው።

የ1994ቱ ሙከራ

በዚህ ሐሳብ ላይ ከተሠሩት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱን በ1994 ያወጡት ጆይስ ዎንግ፣ ሮበርት ላንገርና ዶናልድ ኢንግበር ናቸው። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ሕዋሱን ራሱን ሳንነካ፣ ኬሚካልም ሳንጨምር፣ የቆመበትን ወለል በኤሌክትሪክ በመለወጥ ብቻ ቅርጹንና እድገቱን መቆጣጠር እንችላለን?

ስለ ቅርጽ የተጨነቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጁዳ ፎክማንና አን ሞስኮና በ1978 እንዳሳዩት ብዙ ሕዋሳት ለመባዛት መጀመሪያ መዘርጋት አለባቸው። ተዘርግቶ የተቀመጠ ሕዋስ ዲኤንኤውን እየቀዳ ለመከፋፈል ይዘጋጃል፤ ክብ ሆኖ የተሰበሰበ ሕዋስ ግን በሕይወት እያለ መባዛቱን ያቆማል። ስለዚህ ቅርጹን የያዘ እድገቱን ያዘ።

ተመራማሪዎቹ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የፖሊፒሮል ሽፋን ሠሩ፤ ብርሃን ማሳለፉ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ለማየት ያስፈልጋል። በሽፋኑ ላይ ፋይብሮኔክቲን የተባለውን ፕሮቲን አነጠፉ። ይህ የታሰበበት እርምጃ ነው፤ ሕዋስ ፕላስቲክን በቀጥታ አይጨብጥም። የሚጨብጠው በላዩ የተነጠፈውን ፕሮቲን ነው፤ እኛ በባዶ ወለል ላይ ሳይሆን በሰሌን ላይ እንደምንቀመጠው ማለት ነው። ከዚያ ከዋናው የደም ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ የተወሰዱ ሕዋሳትን አስቀመጡበት።

ሽፋኑ በተለመደው ኦክሲዳይዝድ ሁኔታው ላይ ሳለ ሕዋሳቱ ተጣበቁ፣ ተዘረጉ፣ ዲኤንኤም መሥራት ጀመሩ። በቮልቴጅ አማካይነት ሽፋኑ ወደ ገለልተኛ ሁኔታ ሲዛወር ግን መዘርጋታቸውም፣ ዲኤንኤ መሥራታቸውም ተገታ። ሕዋሳቱ ግን አልሞቱም።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ "ተሳካ!" ብሎ ገጹን ይገለብጣል። ጥንቁቅ ተማሪ ግን ቆም ብሎ ይጠይቃል፦ ሕዋሱን የገታው የፖሊመሩ መለወጥ ነው ወይስ ኤሌክትሪኩ ራሱ? ሕዋስ በኤሌክትሪክ ሊደነግጥ ይችላል፤ ቮልቴጅ የአካባቢውን አሲድነት ሊለውጥ ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ ያለ ፖሊመሩም ሊከሰቱ ይችላሉ።

መልሱን የሰጠው ሁለተኛው ሙከራ ነው። ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ብርሃንም ኤሌክትሪክም የሚያሳልፍ ቁስ ነው፤ ነገር ግን እንደ ፖሊፒሮል በትንሽ ቮልቴጅ ባሕርዩን አይለዋውጥም። በእሱ ላይ ያሉ ሕዋሳት ተመሳሳይ ቮልቴጅ ሲደረግባቸው ቅርጻቸውም ሥራቸውም አልተለወጠም። ኤሌክትሪኩ በሁለቱም ላይ ነበረ፤ የተለየው ወለሉ ነው። ስለዚህ ሕዋሱን ያዘዘው ወለሉ ነው ማለት ይቻላል። የጽሑፉ ክብደት ያረፈው በዚህች ማነጻጸሪያ ላይ ነው፤ እሷ ባትኖር የቀረው ውጤት ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይፈርስ ነበር።

ወደ ነርቭ

የነርቭ ጉዳይ ይህን ምርምር ከላቦራቶሪ ጉጉት በላይ ያደርገዋል። በአደጋ የተቆረጠ የእጅ ነርቭ ዳግም ያድጋል፤ ፍጥነቱ ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ስድስት ወር ይፈጃል። ጉዳቱ ትከሻ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጡንቻው ነርቡን እየጠበቀ ይመነምናል። ነርቡ ደርሶ ጡንቻው የለም ማለት "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ሳይሆን፣ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ቁልፍ እንደ መቀበል ነው። ስለዚህ የእድገቱ ፍጥነት ራሱ የሕክምና ጉዳይ ነው።

በ1997 ክሪስቲን ሽሚት፣ ቬንካትራም ሻስትሪ፣ ጆሴፍ ቫካንቲና ሮበርት ላንገር ፒሲ-12 የተባሉ ሕዋሳትን በፖሊፒሮል ላይ አሳደጉ። እነዚህ በአይጥ አድሬናል ዕጢ ላይ ከበቀለ እባጭ የተገኙና ተገቢው ፕሮቲን ሲሰጣቸው እንደ ነርቭ ቅርንጫፍ የሚያበቅሉ ሕዋሳት ናቸው። ኤሌክትሪክ ሳይደረግ በፖሊፒሮሉና በተለመደው የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያደጉት እኩል ነበሩ። በፖሊፒሮሉ በኩል ኤሌክትሪክ ሲደረግላቸው ግን የቅርንጫፎቹ መካከለኛ ርዝመት 18.14 ማይክሮ ሜትር ሆነ፤ የማነጻጸሪያዎቹ 9.5 ነበር። ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ወገን የተለካው ከ4 ሺህ በላይ ስለሆነ ልዩነቱ የአጋጣሚ አይመስልም።

ለምን ረዘመ? ሽሚት ከባልደረባዋ ጋር በ2001 ባወጣችው ሌላ ጥናት፣ ኤሌክትሪኩ ፋይብሮኔክቲን ከፈሳሹ ወጥቶ በፖሊፒሮሉ ላይ በብዛት እንዲያርፍ እንደሚያደርግ ታየ። ይህ ከ1994ቱ ትምህርት ጋር ይገጥማል፤ ኤሌክትሪኩ ወለሉን ያዛል፣ ወለሉ ፕሮቲኑን ይጠራል፣ ሕዋሱም የፕሮቲኑን ምንጣፍ አይቶ ይዘረጋል። ትእዛዙ በሦስት እጅ አልፎ ነው የሚደርሰው።

ከሳህን ወደ ሰውነት

ከዚያ ወዲህ መስኩ በብዙ አቅጣጫ ሰፍቷል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፔዶት የተባለው ፖሊመር ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ በባየር ኩባንያ ላቦራቶሪዎች ተሠራ። ከፖሊፒሮል ይልቅ ብዙ ጊዜ ሲገለባበጥ ይታገሣል። ሦስት አጠቃቀሞቹን እንይ።

አንደኛው ማዳመጥ ነው። በ2015 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኒውሮግሪድ የተባለ መሣሪያ 4 ማይክሮ ሜትር ብቻ በሚወፍር ፕላስቲክ ላይ በፔዶት የተሸፈኑ ኤሌክትሮዶችን ይዞ በአንጎል ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ይለጠፋል። አንጎልን ሳይወጋ ከላይ ሆኖ የነጠላ የነርቭ ሕዋሳትን ምት መቅዳት ችሏል።

ሁለተኛው መድኃኒት ማድረስ ነው። በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲና የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2007 የአዮን ፓምፕ ይፋ አደረጉ። ፈሳሽ ሳይረጭ፣ በቮልቴጅ ብቻ አዮኖችን በፖሊመሩ ውስጥ እየገፋ ለሕዋሳት ያደርሳል። በ2009 ደግሞ በዚሁ ስልት ነርቮች የሚነጋገሩበትን ኬሚካል በጊኒ ፒግ ጆሮ ውስጥ ማድረስ ተቻለ።

ሦስተኛው ኤሌክትሮዱን በሰውነት ውስጥ ማብቀል ነው። በ2023 የሊንሾፒንግና የሉንድ ተመራማሪዎች የፖሊመር ፍሬዎችንና ኤንዛይም የያዘ ጄል በዜብራ ዓሣና በአልቅት ውስጥ ወጉ። ኤንዛይሙ በሰውነት ውስጥ ያለውን ስኳርና መሰል ነገር ተጠቅሞ ፍሬዎቹን አያያዘ፤ ለስላሳ አስተላላፊ ፖሊመርም እዚያው በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ተሠራ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው አባባላችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

እንቅፋቶቹ

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ "ታዲያ ለምን በየሆስፒታሉ የለም?" ማለት ተገቢ ነው። ዛሬ ለነርቭ ጥገና የሚያገለግሉት ቱቦዎች በአብዛኛው ከኮላጅን ወይም በሰውነት ውስጥ ከሚሟሙ ተራ ፖሊመሮች የተሠሩ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ምክንያቶቹ ጥቂት አይደሉም።

ፖሊፒሮል በሰውነት ውስጥ አይሟሟም፤ ነርቡ ከዳነ በኋላም እዚያው ይቀራል። ሽፋኑ ብቻውን ተሰባሪ ነው፤ ከተለጠፈበት ብረት ላይም ሊላጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሲገለባበጥ አስተላላፊነቱ ይቀንሳል። በሰንሰለቶቹ መካከል የሚቀመጠው አዮን ቀስ በቀስ ወደ ሰውነት ስለሚወጣ ጉዳት የሌለው መሆን አለበት። ቮልቴጁም ወሰን አለው፤ ከ1 ቮልት ብዙም ካለፈ ውሃው ራሱ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መለያየት ይጀምራል፣ አሲድነትም ይለወጣል፣ ሕዋስም ይጎዳል። ከሁሉም በላይ በሳህን ላይ የሠራ ነገር በሰውነት ውስጥ ከደም፣ ከበሽታ መከላከያ ሕዋሳትና ከዓመታት ጋር ይታገላል።

እንዲህ ያለ ጥናት ስታነቡ

በዚህ መስክ በየጊዜው ብዙ ጽሑፍ ይወጣል። ለሴሚናር የምታዘጋጁ ወይም ለመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከላይ ካየናቸው ሥራዎች አራት ጥያቄዎችን መውሰድ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ሳይደረግ ቁሱ ብቻውን ምን አደረገ? የ1997ቱ ጥናት ይህን መልሷል። ሁለተኛ፣ ያው ኤሌክትሪክ ባሕርዩን በማይለውጥ ሌላ አስተላላፊ ላይ ተሞክሯል? ይህን የ1994ቱ መልሷል። ሦስተኛ፣ እድገቱ ቆመ ሲባል ሕዋሱ በሕይወት ነበር? የሞተ ሕዋስም አያድግምና "ተቆጣጠርነው" የሚባለው በሕይወት ካለ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ስንት ተለካ፤ የቀረበውስ ያማረው አንድ ፎቶ ነው ወይስ የሺዎች መካከለኛ?

አራቱም ከተመለሱ ጽሑፉን በእምነት አንብቡ። አንዱ ከጎደለ ያቺን ጉድለት ያዙ፤ ጥሩ የምርምር ርዕስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። መስኩ ኬሚስቱን፣ ባዮሎጂስቱን፣ የኤሌክትሪክ ኢንጂነሩንና ሐኪሙን በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል፤ በማኅበራችን ውስጥ ደግሞ አራቱም አሉ።

ለመወያያ

1. ፖሊፒሮል ኤሌክትሮን ሲመለስለት አዮኖቹ በየትኞቹ ሁለት መንገዶች ሚዛን ይጠብቃሉ? የአዮኑ ትልቅነትስ ምን ለውጥ ያመጣል?

2. በ1994ቱ ሙከራ የኢንዲየም ቲን ኦክሳይዱ ክፍል ባይኖር ውጤቱን በምን ሌላ መንገድ ማብራራት ይቻል ነበር?

3. በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ አስተላላፊ ፖሊመር ብትነድፉ የትኛውን ባሕርይ ለማግኘት የትኛውን ትተዋላችሁ?

4. ነርቭን ለመጠገን የሚውል ቱቦ ኤሌክትሪኩን ከየት ያገኛል? ሽቦ በቆዳ በኩል ሳይወጣ የሚሠራ መንገድ ለማሰብ ሞክሩ።